ስልካችሁን ለመቅረጽ ሳይሆን ለመደወል አውጡት

ወገኖቼ ሆይ፣ ነዳጅ የጫነ ቦቴ መንገድ ዳር በተገለበጠ ቁጥር የምናደርገውን እናውቀዋለን። ገሚሳችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ገሚሳችን ጄሪካን ፍለጋ ይሮጣል፤ የቀረነው ደግሞ «እስካሁን ሰው ሳይደውል አይቀርም» ብለን ቆመን እናያለን። በዚህ መሀል የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚቀበለው ባለሙያ ወይ ማንም አይደውልለትም፣ ወይ ደግሞ «ቶሎ ኑ፣ ሰው አለቀ!» ብሎ የሚዘጋ ድምፅ ብቻ ይደርሰዋል። ቅር የሚለው ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም ይህ ነውር ነውና ልንነጋገርበት ይገባል።

ስለ ጄሪካኑ ብዙ መናገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 በፓኪስታን ባሃዋልፑር አቅራቢያ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሊቀዱ የተሰበሰቡ ከ200 በላይ ሰዎች በእሳት አለቁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን ተመሳሳይ አደጋ ከ100 በላይ ሰዎችን ፈጀ። የቤንዚን ትነት በዐይን አይታይም፤ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ራቅ ካለ ቦታ የሞተር ብልጭታ ወይም የሲጋራ እሳት ሲያገኝ ነበልባሉን ይዞ ወደ መነሻው ይመለሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚወድቀው ነፍስ መሆኑ ብቻ ነው።

ደዋዩስ? በመጀመሪያ ከቦታው ይራቅ፣ ከዚያ ይደውል። ነፋሱ ከእናንተ ተነስቶ ወደ አደጋው የሚነፍስበትን አቅጣጫ ያዙ፤ የሚቻል ከሆነም ወደ ከፍታ ውጡ። ሽታው የሚሸታችሁ ከሆነ ገና አልራቃችሁም። በሌላ በኩል ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው የጠፋ መስሎ የሚታየው አደጋው በበረታበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ደግሞ ጭራሹን ሽታ የለውም። ስለዚህ «ምን እንደሆነ ልለይ» ብሎ ቀርቦ የሚያሸት ሰው ለጥሪ ተቀባዩ የሚጨምርለት መረጃ የለም፤ የሚጨምርለት አንድ ተጎጂ ነው።

ስልኩ ከተነሳ በኋላ ያለው ጠባያችን ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ባለሙያው ሲጠይቀን «ይህን ሁሉ ምን ይጠይቀኛል፣ አይመጣም?» ብለን እንቆጣለን። በብዙ የጥሪ ማዕከላት አንዱ ሲጠይቅ ሌላው መኪናውን እያንቀሳቀሰ መሆኑን ልብ አንልም። ጥያቄው መኪናውን አያዘገየውም፤ በየትኛው መንገድ እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚመጣ ይወስንለታል እንጂ። ነፋሱን ያልጠየቀ ጥሪ ተቀባይ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን መርዛማ ደመና ውስጥ ሊነዳቸው ይችላል።

ጥሪው መሄድ ያለበት እንዲህ ነው። ባለሙያው «ምን ይታይዎታል?» ይላል። ደዋዩ «ኬሚካል ፈንድቷል!» ይላል። «ፈንድቷል የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና በዐይንዎ የሚያዩትን ይንገሩኝ፤ ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» «አረንጓዴ ሆኖ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።» «ወዴት እየሄደ ነው?» «ወደ ትምህርት ቤቱ።» በዚህች አጭር ልውውጥ ባለሙያው ክሎሪን የተባለው መርዛማ ጋዝ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል፤ ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳልና ዝቅተኛ ቦታ ያሉ ሰዎች ቀድመው መነሳት እንዳለባቸው ያውቃል፤ መኪኖቹ በየት በኩል እንዲመጡም ያዛል። «ፈንድቷል» በሚለው ግምት ብቻ ቢመራ ኖሮ ግን የሚልከው ሌላ ኃይል ነበር። የመሰላችሁን ሳይሆን ያያችሁትን ተናገሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ያላወቃችሁትን «አላውቅም» ማለትም ነውር የለበትም።

በብዙ አገሮች አደገኛ ዕቃ የሚጭኑ ቦቴዎች ብርቱካናማ ሰሌዳ ይለጥፋሉ። የላይኛው ቁጥር የአደጋውን ዓይነት፣ የታችኛው ባለአራት አሃዝ ቁጥር የዕቃውን ማንነት ይናገራል። 33 ከላይ፣ 1203 ከታች ካያችሁ ቤንዚን ነው። በላይኛው ቁጥር ፊት የ«ኤክስ» ምልክት፣ ማለትም የመስቀለኛ ቅርጽ ያለው ፊደል፣ ካለ ዕቃው ከውሃ ጋር አደገኛ ግጭት አለው ማለት ነው፤ ሶዲየም የተባለው ብረት ምሳሌ ነው፣ ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ይህችን አንዲት ምልክት ያልሰማ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቱቦውን ሲከፍት ምን እንደሚከተል አስቡት። ቁጥሩን ከሩቅ ማንበብ ከቻላችሁ አንድ በአንድ ጥሩት እንጂ አታቻኩሉት፤ 1011 ቡቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፣ 1017 ግን ክሎሪን ነው። የስልካችሁ ካሜራ ጥቅም የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው፦ ካላችሁበት ሳትነቃነቁ አቅርባችሁ ሰሌዳውን አንብቡበት። ለማንበብ ስትሉ ግን አንዲት እርምጃ እንኳ እንዳትጠጉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የጉድጓዱ ነገር ነው። አንዱ የፍሳሽ ጉድጓድ ሊጠርግ ወርዶ ይወድቃል፤ ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፣ እሱም ይወድቃል፤ ሦስተኛው ገመድ ይዞ ይከተላል። ከዚያ የሚደወለው «ሰው ጉድጓድ ገብቷል» ተብሎ ነው። ይህ ጥሪ እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው፤ «ሊያወጣው የወረደውም ወድቋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው ለባለሙያው ሁሉን የሚነግረው። ያን ሲሰማ ጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ እንዳለ ወይም ኦክስጅን እንደሌለ ተረድቶ የመተንፈሻ መሣሪያ የታጠቀ ቡድን ይልካል። እናንተም አራተኛውን ሰው ያዙት፤ ቢያለቅስም፣ ቢሳደብም፣ እናት ብትሆንም ያዙ። ይህ ጭካኔ የሚመስለው ካለ ሦስት አስከሬን ከአንድ ጉድጓድ ሲወጣ ያላየ ነው።

የቤት ውስጡን በአጭሩ ልበል። የማብሰያ ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉ፣ ስልክም እዚያው ክፍል ውስጥ አትነካኩ፤ ውጡና ከደጅ ደውሉ። በረኪናን ከአሲድ ጋር የቀላቀለ ሰው ክሎሪን ጋዝ ያመርታልና «አዞራት» ከማለት ይልቅ «ይህንና ይህን ቀላቅላ ነው» በሉ፤ ዕቃዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍም ያስታወሳችሁትን ያህል ንገሩ።

ኬሚካል የፈሰሰበትን ሰው ሳትናገሩ ታክሲ ውስጥ ጭናችሁ ሆስፒታል አትውሰዱ። እ.ኤ.አ. በማርች 1995 በቶኪዮ ምድር ባቡር ሳሪን የተባለ መርዝ በተለቀቀ ጊዜ ብዙ ተጎጂዎች በራሳቸው እግርና በታክሲ ሆስፒታል ደረሱ፤ ልብሳቸው ላይ ካለው ትነት የተነሳ ካከሟቸው ባለሙያዎች መካከል በርካቶች ራሳቸው ታመሙ። የለበሰው እንዲወልቅ፣ ገላው በብዙ ውሃ እንዲታጠብ ወይም ተጎጂው እዚያው እንዲጠብቅ የሚወስነው በስልኩ ላይ ያለው ባለሙያ ነው፤ ሥራውን አትንጠቁት። በባዶ ነገር እየደወላችሁ የምትቀልዱ ደግሞ ያን መስመር በያዛችሁበት ሰዓት ከላይ የጠቀስኩትን የጉድጓዱን ጥሪ ዘግታችሁ ሊሆን እንደሚችል እወቁት።

አሁን ለባለመጋዘኖችና ለባለፋብሪካዎች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ መጋዘን ሲቃጠል አሥር የእሳት አደጋ ቡድን አባላት ተላኩ። ውስጡ ለዓመታት የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል እንዳለ የነገራቸው አልነበረም፤ ፈነዳ፣ አሥሩም ሞቱ፣ ከተማዋም ከ200 በላይ ሰው ቀበረች። ያውቁ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ እውቀቱ ግን ስልክ ሰምተው ወደ እሳቱ ከሮጡት ሰዎች ጆሮ አልደረሰም። እናንተስ ለዘበኛችሁ ምን ብላችሁታል? «ምንም ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ ለእኔ ደውል» ነው ያላችሁት። እናንተ ስብሰባ ላይ ናችሁ፣ ስልካችሁ ተዘግቷል፤ እሱ ደጋግሞ እየደወለ ጭሱ ግድግዳውን ዘልሎ ጎረቤት ገብቷል። ትእዛዙን ዛሬውኑ ቀይሩለት፤ መጀመሪያ ለአደጋ ጊዜ ስልክ ይደውል፣ ቀጥሎ ለእናንተ። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ መጠኑንና የተቀመጠበትን ክፍል በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ከበሩ ውጪ ባለው የዘበኛ ቤት አስቀምጡለት፤ ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥርም ወረቀቱን ቀይሩ። ማንበብ የሚቸግረው ከሆነ የሚያነብ ሰው አብሮት ያድር።