መስጊድ ወይስ መስጂድ?

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ የህትመት ሱቅ ውስጥ ወረፋ እጠብቅ ነበር። ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ባነር ያሠራሉ። ለሰፈራቸው መስጊድ ምንጣፍ ሊያሰባስቡ ነው። አንደኛው ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን አየና፣ «መስጊድ አትበለው፣ መስጂድ በለው። መስጊድ እኛ ያበላሸነው ቃል ነው» አለ።

ልጁ ነገሩን ያመጣው ከማኅበራዊ ሚዲያ ነው። «በእንግሊዝኛ ሞስክ አትበሉ፤ ሞስኪቶ ከሚለው፣ ከትንኝ የመጣ ስድብ ነው» የሚል አንብቧል። ከዚያ ጥርጣሬውን ወደ አማርኛው አዞረው። የትንኟ ወሬ ግን ሐሰት ነው። ሞስክ ራሱ መስጂድ ነው። ስፔኖች «መስኪታ» ብለው ያዙት፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ አፍ አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። ሞስኪቶ ደግሞ በስፓኒሽ ትንሽ ዝንብ ማለት ነው። አይገናኙም።

የእኛው መስጊድ ያን ያህል መንገድ እንኳ አልሄደም። ግሱ ሰገደ ነው። ስግደት፣ ሰጋጅ፣ መስገጃ የምንለው ሁሉ ከዚሁ ነው። በግእዝ የሚሰገድበት ቦታ ምስጋድ ነው፤ ፀሐይ የምትሠርቅበት ምሥራቅ እንደሚባለው። በዓረብኛ ግሱ ሰጀደ፣ ቦታው መስጂድ። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ የግእዙ «ገ» በዓረብኛ «ጀ» ይሆናል። ገነት ጀነት፣ ግመል ጀመል ነው። እዚሁ ሐዋሳ ባጃጅ ውስጥ «ገብርኤል ጋ ወራጅ!» ስንል የምንጠራው መልአክ በዓረብኛ ጂብሪል ነው። የካይሮ ሰው ደግሞ ዓረብኛ እያወራ እንኳ ያቺን ፊደል «ገ» አድርጎ ነው የሚያነባት። እሱንም ዓረብኛ አበላሸ ልንለው ነው?

ቃሉ ከእስልምናም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ በላይኛው ግብፅ በዓባይ ላይ ባለችው የኤለፋንታይን ደሴት የኖሩ አይሁድ በተዉት የአራማይክ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንም ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉት ነበር። ከማስተስረያ ቀን 50 ቀን በኋላ የሚያከብሩት በዓል «ስግድ» ይባላል። እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች።

ያሳዘነኝ «አበላሸነው» የምትለዋ ነች። የወሎ ዑለማዎች መንዙማቸውን በአማርኛ ሲያዜሙ ከእምነታቸው ምን ጎደለ? በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩት ሐጂ ዓረብኛውን ተምረው ያደጉ ሰው ነበሩ። ከዐስር ሶላት ሲመለሱ «ከየት ነው ሐጂ?» ስንላቸው «ከመስጊድ፣ ልጆቼ» ነበር መልሳቸው።

ለልጆቹ ይህንኑ ነገርኳቸው። በትህትና ሰሙኝ። ባነሩ «መስጂድ» ተብሎ ታተመ። ስህተት የለበትም፣ ቤቱም የእነሱ ነው። ሲወጡ ግን ያው ልጅ ስልኩን አንስቶ፣ «አዎ፣ ጨርሰናል፣ ወደ መስጊድ እየመጣን ነው» ሲል ሰማሁት።