ፊልሙን ሳታየው ሂሳቡን አትንገረኝ

አሁን ገና ከሎት፣ እኛ በአፕ የምንሠራ ሾፌሮች ኤርፖርት ተሳፋሪ ከምንጠብቅበት ማቆሚያ፣ መግባቴ ነው። እራቴ ቀርቦ እየቀዘቀዘ ነው። ካልጻፍኩት ግን አይወጣልኝም።

ልጁን ታውቁታላችሁ። ካምሪ የሚነዳው ቀጭኑ። ስልክ ከእጁ የማይለየው። ባለፈው እሱ ቤት ሳይኖረው ስለ ቤት ብድር ወለድ ሲያስተምረን የዋለው።

ዛሬም እንደወትሮው አውሮፕላን እስኪያርፍ ቆመን እናወራለን። ትናንት ማታ «ዳርክ ፌት»ን ደግሜ እንዳየሁ ነገርኳቸው። የ2019ኙን፣ ስድስተኛውን ተርሚኔተር፣ ከወደፊት ዘመን ሰው ሊገድሉ የሚላኩትን ማሽኖች ታሪክ። ሳራ ኮነር፣ ልጇን ከማሽኖቹ ስታሸሽ የኖረችው እናት፣ አውራ ጎዳናው ላይ ከመኪናዋ ወርዳ መሳሪያዋን ስታቀና አስቡት! ሊንዳ ሃሚልተን ከ1991 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳራነት የተርሚኔተር ፊልም ላይ ስትቆም! 60 ዓመት ያለፋት ሴት፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ፊቷ ላይ የስንት ዓመት ሐዘን ተጽፎ፣ ማሽኑን በጥይት ወደ ኋላ ስትገፋው። ይህን እየተረክሁ ነው። ሰዉም ጆሮውን ሰጥቶኛል። ልጁ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ እሱ ፊልም እኮ ከስሯል።»

«እና?»

«ፍሎፕ ነዋ! 185 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 261 ብቻ ነው ያመጣው።»

አንዱ ወንድማችን በየዋህነት «ታዲያ 76 ሚሊዮን አተረፈ ማለት አይደል?» አለ። ልጁ ሳቀበት። ከዚያ እንደ አስተማሪ አስረዳው። ከቲኬቱ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቱ ይወስዳል፤ የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ በጀቱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፊልም ለማትረፍ የወጣበትን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ማምጣት አለበት። እሺ፣ ይህ ልክ ነው። አልካድኩትም።

«አንተስ አይተኸዋል?» አልኩት።

«ማንም ያላየውን ፊልም እኔ ምን ቆርጦኝ አያለሁ?»

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ያ የተሳቀበት ወንድማችን ሳይቀር!

«ሲኒማ ገብተህ ነው ያየኸው ጋሼ?»

«አዎ።»

«ስንት ሰው ነበር?»

ምን ልበል? ውሸት አልወድም። «ብዙ አልነበረም» አልኩት።

«አየህ! ለናንተ ዘመን ሰዎች ነበር የተሰራው። እናንተም አልሄዳችሁለትም።»

እናንተም አልሄዳችሁለትም! ይህን ለእኔ! በመክፈቻው ቅዳሜና እሁድ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አፑን ዘግቼ ለሄድኩት! ቲኬት በካርዴ ከፍዬ፣ ፓርኪንግ ከፍዬ፣ ፈንዲሻ ገዝቼ ለተቀመጥኩት! ፈንዲሻውንማ አታንሱብኝ። ቤተሰብ ይዘህ ከሄድክ ፈንዲሻና ለስላሳ ብቻ የሳምንት አስቤዛ ይጨርሳል። ከዚያ ደግሞ ፊልሙ አይጀምርም። የመኪና ማስታወቂያ። የኢንሹራንስ ማስታወቂያ። እንደገና የመኪና ማስታወቂያ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ የዋለ ነው፣ ምን ዓይነት መኪና ትሸጡለታላችሁ? ከዚያ ትሬለር፣ በትሬለር ላይ ትሬለር።

ትሬለር ካልኩ አይቀር፣ የአምስተኛውን አልረሳላቸውም። «ጄኒሲስ»፣ 2015። የፊልሙ ትልቁ ምስጢር ጆን ኮነር፣ ሰውን ከማሽኖች ያድናል የተባለው የሳራ ልጅ፣ ራሱ ማሽን ሆኖ መምጣቱ ነው። እነሱ ምን አደረጉ? ትሬለሩ ላይ ለቀቁት! ሰው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የሚደነግጥበትን ቦታ ቀድመው ሸጡበት። ለምን? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገቢ እንዳያንስ። ያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ 90 ሚሊዮን ገደማ ነው ያገኘው። ቻይና ናት በ113 ሚሊዮን ደግፋ ያቆመችው። ከቻይና ገቢ ደግሞ ስቱዲዮው እጅ የሚገባው ሩብ ያህሉ ነው።

እና እኔ የምጠይቀው፣ ከመቼ ወዲህ ነው እኛ የሆሊውድ ሂሳብ ሹም የሆንነው? ድሮ ሰው ከሲኒማ ሲወጣ «እንዴት ነበር?» ይባላል። «ያቺ ቦታ ላይ አየህ?» ይባላል። አሁን «ስንት አመጣ?» ሆኗል። ከሰረ ሲባል የምንደሰተው ምን አግኝተን ነው? ቢያተርፍስ ማን ያካፍለናል? ዓርብ የወጣ ፊልም እሁድ ማታ ይፈረድበታል። ሰኞ ጠዋት ሬሳው ወጥቷል። «ዳርክ ፌት» አሜሪካ ውስጥ በሦስት ቀን 29 ሚሊዮን አገኘ፣ በቃ፣ ቀብሩ ተነገረ። ሰኞ ዕለት ሊያየው ያሰበ ሰው «ሞቷል» ተብሎ ቀረ። አዳራሹ ባዶ የነበረው ለዚህም ጭምር ነው! ቁጥሩ ሰውን ያስቀራል፣ ሰው ሲቀር ቁጥሩ ይብሳል። ልጁ ይህን አላሰበውም።

እኔ ሁለተኛውን ተርሚኔተር፣ የ1991ዱን፣ ያየሁት መርካቶ፣ ቪዲዮ ቤት ነው። ወንበር ባለመኖሩ ቆሜ። እንግሊዝኛው አይገባኝም። አርኖልድ፣ ጆንን የሚጠብቀው ማሽን፣ በብረት ማቅለጫው ውስጥ እየሰመጠ አውራ ጣቱን ሲያነሳ ግን ቤቱ ሙሉ ወንድ አለቀሰ። እኛ ሰፈር ሕጉ «አክተር አይሞትም» ነበር። አርኖልድ ሞተ፣ ልጁ ጆን ግን ተረፈ። ዓለምም ተረፈች። በዚያ ተጽናንተን ወጣን። ስንት እንዳመጣ የጠየቀ አልነበረም። ሲነገር የምሰማው በኋላ ነው፣ 520 ሚሊዮን ገደማ። ባያመጣስ? ያለቀስነው ይመለስ ነበር?

አሁን ንዴቴ ወደ «ዳርክ ፌት» ራሱ ይዞራል። አዎ፣ ይዞራል። እኔ በዚህ ፊልም ላይ የምናደድበት ነገር አለኝ፣ ያየሁት ስለሆነ። ገና ሲጀምር፣ በ1998፣ ጓቴማላ፣ ጆን ኮነርን ገደሉት። ገና ልጅ እያለ። እናቱ ፊት። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰለትን ልጅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠረጉት! አርኖልድ የሰመጠው ለማን ነበር ታዲያ? እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ለምን እንደገደሉት ግን ይገባኛል፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ተከታይ ፊልም ሁለት ጌታ አለው። አንዱ እንደ እኔ ያለው ነው፤ የድሮውን እንዳትነኩብኝ ይላል። ሌላው ያኔ ያልተወለደው ነው፤ የአባቴን ፊልም አትድገሙልኝ፣ አዲስ ነገር አምጡ ይላል። ስቱዲዮው ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ሊይዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ሊንዳንና አርኖልድን ለእኔ ጠሩ፣ ጆንን ለወጣቱ ብለው ገደሉ፣ አዲሷን ጀግና ዳኒን በቦታው ተከሉ። እኔ ተከፋሁ፣ ወጣቱ አልመጣ። ይህን ዝብርቅርቅ ያመጣው ስግብግብነት ነው። ለአንዱ ሰው ብቻ ንገሩት! ታሪክ የሚነገረው ለአንድ ሰው ነው!

ደግሞ በኋላ ጄምስ ካሜሮን ራሱ፣ ፕሮዲዩሰሩ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? አርኖልድም ሊንዳም አንድ ላይ ሲገቡ ፊልሙ የአያት ተርሚኔተር ሆነ የሚል ነገር ተናገረ። አያት! ሰውዬ፣ ያን ዓለም የፈጠርከው አንተ ነህ! ሊንዳ እዚያ ፊልም ውስጥ ካለው ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። የከሰረው በእሷ ሽበት አይደለም። ካሜሮንና ዳይሬክተሩ ቲም ሚለር በኤዲቲንግ ሲጨቃጨቁ እንደነበር እነሱው ተናግረዋል። ከኋላቸው ደግሞ ስቱዲዮዎቹ፣ ፓራማውንት፣ ስካይዳንስ፣ ፎክስ። ስንት ባለቤት ነው አንድን ታሪክ የሚጎትተው?

በጀቱንስ ማን አዘዛቸው? የመጀመሪያው በ1984 በ6.4 ሚሊዮን ተሰርቶ 78 ሚሊዮን ገደማ አመጣ። በጨለማ፣ በመንገድ ላይ፣ በአንድ ሰውዬ ፊትና በሙዚቃ አስፈራን። ያኔ ገንዘብ ስላልነበረ ማሰብ ነበረባቸው። «ዳርክ ፌት» በ60 ሚሊዮን ቢሠራና ያንኑ 261 ቢያመጣ ኖሮ ዛሬ ልጁ «ጋሼ፣ ጉድ ነው፣ አተረፈ እኮ» ይለኝ ነበር። ፊልሙ ግን ያው ፊልም ነው! አንድ ምስል አልተቀየረም! የአየር ላይ ውጊያውን ማንም አልለመናቸውም። አውሮፕላን ውስጥ የሚንከባለሉበትን ቦታ ቆርጠው ቢጥሉት ማን ያለቅሳል? ሳራ ሆቴል ክፍል ውስጥ ስለ ልጇ የምታወራበትን ግን የሚነካው ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

ልጁ ይህን ስነግረው ምን አለ? «ቶም ክሩዝስ?» አለኝ። እሺ፣ ቶም ክሩዝ። የእሱ የጦር አብራሪ ፊልም፣ የ«ቶፕ ገን» ተከታይ፣ ከ36 ዓመት በኋላ በ2022 መጥቶ ወደ 1.5 ቢሊዮን አመጣ። ደስ ይበለው። ግን በመሃል ሌሎች ሦስት ተከታዮች ነበሩበት? አልነበሩም። ሰው 36 ዓመት ናፍቆ ነበር የጠበቀው። ተርሚኔተርን ሰው እንዲናፍቅ መች ፋታ ሰጡት? 2003፣ 2009፣ 2015፣ 2019። የመጨረሻዎቹን ሁለቱንማ «ይህኛው እውነተኛው ነው፣ ያለፈውን እርሱት» እያሉ። ሦስት ጊዜ የተታለለ ሰው አራተኛው ጥሩ ቢሆን እንኳ እንዴት ይመን? የ«ዳርክ ፌት» ዕዳ የራሱ አይደለም፣ የታላላቆቹ ነው።

ሌላም አለ። «ቶፕ ገን»ን አባት ከልጆቹ ጋር ሄዶ ያየዋል። «ዳርክ ፌት» ግን አር የተሰጠው ነው፣ ከ17 ዓመት በታች ያለ አሳዳጊ አይገባም። ይህ ልጅ ያኔ ቢሄድ ኖሮ ከበር ይመለስ ነበር! እሱ ነው ዛሬ «አልሄዳችሁለትም» የሚለኝ!

ገንዘብ ዳኛ ቢሆን ኖሮ «ብሌድ ራነር» የሚባለው ፊልም በ1982 ተቀብሮ በቀረ ነበር። «ኢቲ» ከሚባለው ፊልም ሁለት ሳምንት በኋላ ወጥቶ ያ ሕፃን የሚመስል ፍጡር ገበያውን ጠራርጎበት። ዛሬ ሲኒማ የሚማር ሁሉ ያየዋል። ተከታዩ ከ35 ዓመት በኋላ በ2017 መጣ፣ እሱም ገንዘቡን አልመለሰም ተባለ፣ ግን ሁለት ኦስካር ወሰደ፣ አንዱ የሮጀር ዲኪንስ ቀረጻ ነው። ያን ብርቱካናማ አቧራ ያየ ሰው ስንት አመጣ ብሎ ይጠይቃል?

ቤት ስገባ ደግሞ ማጽናኛ ፈልጌ ለልጄ ነገርኳት። «አባዬ፣ ሰውዬው እውነቱን እኮ ነው፣ ማንም አላየውም» አለችኝ። እሷ ፊልም የምታየው በስልኳ፣ ፍጥነቱን ጨምራ፣ በመሃል ጓደኞቿን እያወራች ነው። ምን ልበላት? ደከመኝ።

የሚያደክመኝ ዋናው ነገር እሱ ማሸነፉ ነው። ቁጥሩ ሥራውን ሠርቷል። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ተባለ፣ ሊሠሩ የታሰቡት ቀጣዮቹ ተሰረዙ። ዳኒና ሳራ በመኪና ሄዱ፣ የት እንደደረሱ አናውቅም፣ ወደፊትም የምናውቅ አይመስለኝም። የ2009ኙንም የ2015ቱንም እንዲሁ የሦስት ፊልም መጀመሪያ ነው ብለው ጀምረው ነው ጥለው የሄዱት። ታሪክ ጀምሮ ገበያ አልቀናኝም ብሎ መሃል ላይ ዝም የሚል ሰው ቤታችን ቢመጣ ቡና አናፈላለትም ነበር። እነሱን ግን እንጠብቃለን። እኔ እጠብቃለሁ።

ነገ ሎት ላይ ይህን ጽሑፍ ለልጁ የምታሳዩት እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አሳዩት። መጀመሪያ ግን ፊልሙን ይይ። ካየው በኋላ «አልወደድኩትም» ካለኝ እቀበለዋለሁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ጆን አብረን እንናደዳለን።

እናንተም ኮሜንት ላይ የገቢ ሰንጠረዥ እንዳትለጥፉብኝ። ያየ ሰው ካለ ግን ስለ ካርል እናውራ። ጆንን የገደለው ማሽን ቴክሳስ ገብቶ፣ መጋረጃ እየሸጠ፣ የሰው ልጅ እያሳደገ፣ ለዓመታት ለሳራ «ለጆን» የሚል መልእክት ይልክላት የነበረው። ሳራ ይቅር ልትለው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ሌላ ሐሳብ ያለው ይደውልልኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት አልተኛም።