ሳይሞቅ ካቻቪቴ አታንሱ!

አናሎግ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚያመነጭ የሙዚቃ መሣሪያ) ገና እንደበራ ክዳኑን ከፍቶ ትሪመር (በካቻቪቴ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ) መጠምዘዝ ምን የሚሉት ችኮላ ነው? በአብዛኞቹ የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ 1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ 1 ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ይወጣል፤ ያንን ስሌት የሚሠራው ትራንዚስተር ደግሞ ሙቀት ይረብሸዋል። ማካካሻ ከሌለው 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሲጨምር የኦክታቩ ስፋት 0.33 በመቶ ገደማ ይዛነፋል። ከመነሻው ኖታ 3 ኦክታቭ ርቆ ሲጫወቱት 12 ሴንት (1 ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) ያህል ነው፤ ጆሮ ይሰማዋል! ለዚህ ነው ልዩ የሙቀት ማካካሻ ሬዚስተር ትራንዚስተሩ ላይ የሚለጠፈው። እሱን ነቅሎ ተራ ሬዚስተር መበየድና "ዕቃው አርጅቷል" ማለት ግፍ ነው።

30 ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ መጀመሪያ የኦክታቩን ስፋት አስተካክሉ፤ የታችኛውንና የላይኛውን ዶ እያፈራረቁ፣ ደጋግማችሁ። አጠቃላይ ቅኝቱ መጨረሻ ላይ ነው።

ዲጂታሉማ በክሪስታል (ቋሚ ምት በሚሰጥ ኳርትዝ) ስለሚመራ ሙቀት ቅኝቱን ያን ያህል አይነካውም። ከሳተ ትራንስፖዙን (ኖታዎቹን በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያሸጋግረውን) እዩ፣ ማስተር ቱኑ (አጠቃላይ ቅኝቱ) 440 ኸርዝ መሆኑን እዩ። ጣት ሳይነካው ድምፁ የሚዋልል ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፒች ቤንዱ (ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያጎብጠው መቆጣጠሪያ) ፖቴንሺዮሜትር (ተለዋዋጭ ሬዚስተር) መቆሸሽ ወይም መበላት ነው፤ መሃሉን ይስታል። በኮንታክት ክሊነር የሚጸዳ ነገር እያለ ለምን ሙሉ ቦርድ ይቀየራል?