ጋን የማይከፍተው ዝንብ

ክርክሩ የተነሳው ለንደን ውስጥ፣ በጁላይ ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው። የቤቱ ልጅ ጥንቸል ሁለት ሌሊት የእንስሳት ሆስፒታል አድራ ተመልሳለች፤ ሳሎኑ ጥግ ፎጣ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። ከወገቧ በታች ፀጉሯ ተላጭቷል። በጭራዋ ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ ቀልቶ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንደኛው ገና ውሃ ያዣል። እንግዶቹ ምን ሆና እንደሆነ ሲጠይቁ የልጅቷ እናት «ዝንብ ዕንቁላል ጥሎባት ትል በላት» አለች።

አንድ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ዝንብ? ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም!» ቤቱ ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። ያልሳቀችው በእንስሳት ክሊኒክ ለዓመታት በነርስነት የሠራች አንዲት እንግዳ ብቻ ናት።

የጋሼ ሐሳብ ረጅም አይደለም። ዝንብ የትም አለ፤ ጥንቸል ራሷን ስትልስ የምትውል ንጹሕ እንስሳ ናት፤ ትል ከታየ በጨው ውሃ ዘፍዝፎ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። አገር ቤት የበሬ ቁስል ሲተላ ነጭ ጋዝ ጠብ ይደረግበታል፣ ትሉ ይረግፋል፣ በሬው በማግስቱ ያርሳል። ይኸው ነው። ማስረጃ ሲጠየቁ ተረቱን ደገሙት።

«ጋሼ፣ ይሄ ዝንብ ጋን ሊከፍት አይመጣም» አለች ነርሷ ረጋ ብላ። ሰውነቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጨው፣ በሳይንስ ስሙ ሉሲሊያ ሴሪካታ የሚባለው ዝንብ ነው፤ የእንግሊዝ በግ አርቢዎች በየበጋው የሚታገሉት ይህንኑ ነው። የሚጠራው ሽታ ነው፦ ሽንት ያራሰው ፀጉር፣ የተጣበቀ ኩስ፣ የቁስል ፈሳሽ። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ዕንቁላል ትጥላለች። ቀኑ ከሞቀ ዕንቁላሉ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ በአፉ መንጠቆ ቆዳውን ይቧጥጣል፣ ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽ ይተፋል፣ የሟሟውን ይመጥጣል። ቁስሉ ሲሸት ሌሎች ዝንቦች ይደርሳሉ፤ ከቁስሉ የሚገባው መርዝም ጥንቸሏን አድክሞ ይጥላታል። ጠዋት ደህና የነበረች ጥንቸል በማግስቱ ልትሞት ትችላለች።

«እንዴ አንቺ ልጅ፣ ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ...» አሉ ጋሼ። ከዚህ በኋላ ተረቱን መስማት ከበደኝ። የተላጨው ቆዳ ፊታችን ተዘርግቶ ሳለ ስለ ጋን ማውራት ምን ይባላል?

የልጅቷ እናት እንዴት እንዳላወቀች ጠየቀች። ነርሷም አልወቀሰቻትም። ጥንቸል በአውሬ የምትታደን ፍጥረት ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ አትጮህም። የሚታየው ጥግ ይዛ መኮማተር፣ ምግብ ሲመጣ አለመነሳት፣ ጥርስ ማፋጨት፣ አንዳንዴም እረፍት አጥቶ ኋላን መንከስ ነው። ከዚያ ሽታ ይመጣል። ሽታው ሲመጣ ጊዜው ሄዷል። ስለዚህ በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል፦ ጥንቸሏን ጭን ላይ አስቀምጦ፣ አንዱ እጅ ደረቷን ሌላው ኋላዋን ደግፎ፣ ፀጉሩን እስከ ቆዳው ድረስ መክፈል። ከጭራ ሥር፣ ከፊንጢጣና ከብልት ዙሪያ፣ ከብሽሽት እጥፋት፣ ከሆድ፣ ከአገጭ ሥር ከተንጠለጠለው ቆዳ። ኋላዋ ሳይደገፍ ከተራገጠች የጀርባ አጥንቷ ሊሰበር ስለሚችል ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ዕንቁላሉ ፀጉሩ ሥር ነጭ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፤ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ እፍ ቢሉት አይሄድም። ብዙ ሰው ፎረፎር ነው ብሎ ያልፈዋል።

ዝንቡ ለምን እሷን መረጣት ለሚለው መልሱ ምግቧ ሳህን ውስጥ ነበር። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ ትጥላለች። አንዱ ደረቅና ክብ ነው። ሌላው ለስላሳና የተያያዘ ሲሆን፣ በአንጀቷ የተብላላውን ቪታሚንና ፕሮቲን የያዘ ስለሆነ ጎንበስ ብላ ከፊንጢጣዋ ትበላዋለች። ከወፈረች ጎንበስ ማለት አትችልም። መገጣጠሚያዋ ካመማት ወይም ጥርሷ ከረዘመባትም እንደዚሁ። ጣፋጭና ዱቄት የበዛበት መኖ ከበላች ደግሞ ለስላሳው በዝቶ ይተርፋታል፤ የተረፈው ኋላዋ ላይ ይለጠፋል፣ ዝንብም ይመጣል። ይህቺ ጥንቸል ባለቀለም ድብልቅ መኖ ሳህን ሙሉ፣ በዚያ ላይ ካሮትና የዳቦ ቅርፊት ይሰጣት ነበር፤ ድርቆሽ ግን ለመተኛ ብቻ ነው የተነጠፈላት። ጋሼ «ራሷን ትልሳለች» ያሉት የምትደርስ ጥንቸል ስትሆን ነው። ይህቺ አትደርስም ነበር።

ከዚያ ወደ ጨው ውሃው መጡ። ነርሷ ድምጿን ከፍ ያደረገችው እዚህ ላይ ነው። የተመረዘች ጥንቸል ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ ጤነኛ ስትሆን ሙቀቷ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፣ ከ38 ሲወርድ ሐኪም ይደነግጣል። ውሃ ውስጥ መንከር ያንን ሙቀት ይጨርሰዋል። የራሰ ፀጉር ቶንዶስ ላይ ይጠቀለላል፤ እርጥበቱም ሌላ ዝንብ ይጠራል። በመቀስ መቁረጥም አይቻልም፤ የጥንቸል ቆዳ ስስ ስለሆነ ፀጉሩ ሲሳብ አብሮ ተነስቶ ይቀደዳል።

ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው፣ ግን በቅደም ተከተል። አንደኛ ስልክ፤ በእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሞች የ24 ሰዓት ድንገተኛ እርዳታ እንዲገኝ የማድረግ ሙያዊ ግዴታ ስላለባቸው እሑድ ሌሊትም ቢሆን መደወል ነው፣ «ትል አለባት» ብሎ በግልጽ መናገር ነው። ሁለተኛ ዝንብ ወደማይገባበት ክፍል ማስገባትና በደረቅ ፎጣ መጠቅለል። መኪና እስኪመጣ ላይ ላዩ የሚታየውን ትል በወረንጦ አንስቶ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ መጣል፤ ቆዳ ውስጥ የገባውን ግን መጎተት አይገባም። ለብ ያለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማድረግ። አብራት የምትኖር ጥንቸል ካለች እሷንም መፈተሽና ይዞ መሄድ።

ጋሼ አሁንም አልተረቱም። «ነጭ ጋዝ በሬ አድኗል!» በሬው ወፍራም ቆዳ ያለው ባለ ብዙ መቶ ኪሎ ነው፤ ይህቺ ሁለት ኪሎ ተኩል ናት። ጋዙ የተበላውን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትልሰዋለች፣ ወደ ሳንባዋም ይገባል። ጋሼ ቀጥለው «እሺ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አይጠፋም» አሉ። ይህ ከጋዙ አይሻልም። በአፍ የተሰጠ አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ገድሎ መርዘኛው እንዲራባ ያደርጋል፤ ጥንቸሏ ከትሉ ተርፋ በተቅማጥ ትሞታለች። አንዱ እንግዳ ደግሞ ውሻው ላይ የሚያደርገውን የቁንጫ ጠብታ አነሳ። ውስጡ ፊፕሮኒል ካለ ለጥንቸል መርዝ ነው፤ አንቀጥቅጦ ይገድላል። ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው «ይሄ ሁሉ ለዝንብ? ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ...» ብለው ጀመሩ። የሚጨርስላቸው አላጡም።

ሆስፒታሉ ያደረገውን ነርሷ ከመልቀቂያ ወረቀቱ ላይ አነበበችላቸው። መጀመሪያ ማሞቅ፣ ለብ ያለ ፈሳሽ በደም ሥር፣ ለሕመሙ ቡፕረኖርፊንና ሜሎክሲካም። ሰውነቷ ሲረጋጋ ማደንዘዣ ሰጥተው ፀጉሯን በቶንዶስ ላጩ፣ ትሉን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ ቁስሉን አጠቡ፣ አደረቁ። የቀረውን እንዲገድል አይቨርሜክቲን በመርፌ፣ ለኢንፌክሽኑ ኤንሮፍሎክሳሲን። ከዚያም ምግብ፤ የጥንቸል አንጀት ባዶ ሆኖ ከቆመ ራሱ ገዳይ ስለሆነ፣ አሰር የበዛበት ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጥርሷ ጎን በቀን አራት አምስት ጊዜ ይሰጣታል፤ በቀን በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ። ቤት ከገባችም በኋላ በየ12 ሰዓቱ መፈተሽ አለባት፤ ያመለጠ ዕንቁላል ይፈለፈላልና። ትሉ ወደ ሆድ ዕቃ ወይም ወደ ብልቷ ውስጥ ዘልቆ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ገድሎ ከስቃይ ማሳረፉን ይመክር ነበር።

ጋሼ የመጨረሻውን ጥይት ተኮሱ፦ ገንዘብ። በሠላሳ ፓውንድ ለተገዛች ጥንቸል በመቶ የሚቆጠር ፓውንድ! ነርሷ ሒሳቡ ከባድ መሆኑን አልካደችም። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው እንደ ፒዲኤስኤ ካለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እርዳታ መጠየቅ እንደሚችል ተናገረች። በእንግሊዝና በዌልስ የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የእንስሳት ደህንነት ሕግ ባለቤቱን ከሥቃይና ከበሽታ እንዲጠብቃት እንደሚያስገድደውም ነገረቻቸው። መከላከሉ ደግሞ ርካሽ ነው። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ጠዋትና ማታ ኋላዋን ማየት። የረጠበውን ጉዝጓዝ በየቀኑ መለወጥ። ድርቆሽ ያለ ገደብ፣ እንክብል መኖ በኪሎ 25 ግራም፣ ለዚህቺ ከ60 ግራም ብዙም ያላለፈ፤ ካሮት አልፎ አልፎ። ሳጥኑ ላይ የዝንብ መረብ። ሳይሮማዚን የሚባለው ቅባት ሳይቆስል በፊት ከተቀባ እስከ 10 ሳምንት ትሉ እንዳያድግ ያደርጋል፤ ዝንቡን ግን አያባርርም፣ የቆሰለ ቆዳ ላይም አይቀባም፤ ስለዚህ መፈተሹ አይቀርም።

ለእኔ ክርክሩ ገና ጥንቸሏ ፎጣ ላይ ስትታይ አልቋል። ነርሷ ትክክል ናት፤ ጋሼ ተሳስተዋል። የሚያናድደኝ ግን ቤቱ ከጋሼ ጋር መሳቁ ነው። እኛ ዘንድ ተረት የያዘ ሽማግሌ ሥራውን በእጁ የሚያውቀውን ሰው ያሸንፋል፤ በተለይ አዋቂው ወጣት ከሆነ፣ ይልቁንም ሴት ከሆነች። ስልክ ላይ የሚጮህ ያልታወቀ ሰው የሚለውን ሰምተን መድኃኒት እንገዛለን፣ አጠገባችን ቡና የምትጠጣዋን ባለሙያ ግን «ነርስ እኮ ናት» እንላታለን። ሕይወት ያለው ነገር የልደት ስጦታ ሆኖ በሪባን ይመጣል። ልጆቹ አንድ ሳምንት ያቅፉታል፣ ስልኩ በፎቶ ይሞላል፣ ከዚያ ጓሮ ያለው ሳጥን ውስጥ ይረሳል። ፎቶው ሁሉ ፊቷን ነው የሚያሳየው፤ ለሳምንታት ኋላዋን ያየ ሰው አልነበረም። ለብቻቸው የሚኖሩ አዛውንቶቻችንንም የምንጠይቀው እንደዚሁ ነው፤ ደውለን «ደህና ነኝ» ሲሉን ስልኩን እንዘጋለን፣ እግራቸው ማበጡን የሚያይ የለም። እንስሳ የሚሸጡት መደብሮችም ያው ናቸው። ጥንቸሏን፣ ሳጥኑንና ባለቀለሙን መኖ አንድ ላይ ሸጠው ደረሰኝ ሲሰጡ ስለ ዝንብ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ የልጅቷ እናት ዝንብ ጥንቸል እንደሚገድል መጀመሪያ የሰማችው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው።