«መቼ ነው የምትዛወረው?»

ወገኖቼ፣ አንድ መጥፎ ልማድ አለብን። ገጠር የተመደበ ወጣት ሐኪም ገና ሻንጣውን ሳያወርድ «መቼ ነው የምትዛወረው?» እንለዋለን። ከተማ ያልገባ ሐኪም የወደቀ ይመስለናል። ወፍ ሲከተል፣ ሣር ቅጠሉን ሲያገላብጥ ካየነው ደግሞ «ሥራ ፈት» ብለን ስም እናወጣለታለን። ነውር ነው!

ኤድዋርድ ጄነርን በፈንጣጣ ክትባት እናውቀዋለን። ሰውየው የገጠር ሐኪም ነበር። ለንደን ላይ በስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም በጆን ሀንተር እጅ ተማረ። ከስመ ጥሩው የባሕር አሳሽ ከካፒቴን ኩክ ጋር ባሕር የማቋረጥ ዕድልም ቀርቦለት ነበር። አልፈለገም። ወደ ትውልድ ቀዬው፣ በእንግሊዝ ገጠር ወዳለችው በርክሊ ተመለሰ።

እዚያ በሽተኛ እያከመ ኩኩ የምትባለውን ወፍ ነገር ይከታተል ጀመር። ኩኩ እንቁላሏን የምትጥለው በሌላ ወፍ ጎጆ ነው። ዓይኑን ያልገለጠ፣ ላባ ያላበቀለ የኩኩ ጫጩት የጎጆዋን ባለቤት እንቁላል በጀርባው ያዝላል። ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ጎጆው ጠርዝ ላይ ይወጣና ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። ጀርባው ላይ ለዚሁ የተበጀች የምትመስል ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ 12 ቀን ገደማ ሲሆነው ትሞላለች። እስቲ አስቡት፣ ይህን ለማየት ስንት ጊዜ ቁጥቋጦ ሥር መንበርከክ ይጠይቃል! በ1788 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳተመው። ብዙዎች አላመኑትም። ኋላ ካሜራ መሰከረለት።

በ1796 እ.ኤ.አ. የተደረገውም የዚያው ዓይን ሥራ ነው። የላም ፈንጣጣ የያዛት አላቢ በሰው ፈንጣጣ አትያዝም የሚለውን የገበሬ ወሬ ሌሎችም ሐኪሞች ሰምተውታል። ጄነር ግን ወሬውን አልናቀም። ከአላቢዋ ከሳራ ኔልምስ እጅ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የ8 ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ከተበው። ቆይቶ በራሱ በፈንጣጣው ቢሞክረው ልጁን አልያዘውም።

«እሱማ የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳትሉኝ። የእኛው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። የገደላቸው እንዶዱ መሆኑን አስተዋሉ። ቢልሃርዚያ የሚባለው የጥገኛ ትል በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው በእንዲህ ዓይነት ቀንድ አውጣ በኩል ነው። እንዶዱን እናቶቻችን ከጥንት ያውቁታል። ስንቶቻችን ግን በዚያ ወንዝ ዳር ዝም ብለን አልፈናል?

እና ወረዳችሁ አዲስ ሐኪም ሲመጣ ስለ ዝውውር አታንሱበት። ወንዝ ዳር ይዛችሁት ውረዱ። የቅጠሉን ስም፣ የወፉን ስም፣ ከብቱ በየትኛው ወር እንደሚታመም ንገሩት። በማግስቱ ደብተር ይዞ ብቻውን ከወረደ፣ ልጆቻችሁ ፊት አትሳቁበት።