ለራሴ ጊዜ ልሰጥ ስል ጣሪያው አፈሰሰ

ነሐሴ 2016 ላይ ግፊት ተለካሁ። 150 በ95። ሐኪሙ ሦስት ነገር አዘዘ። ጨው ቀንስ፣ በቀን 30 ደቂቃ በእግርህ ተራመድ፣ ጭንቀት ቀንስ። ጨዉ ገባኝ። እርምጃውም ገባኝ። ጭንቀቱን ከምን ላይ እንደምቀንስ ግን አልነገረኝም። ከልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ? ከእንቁጣጣሽ በግ ላይ? ወይስ ሳሎኑን አቋርጦ ወደ መኝታ ቤት እየገሰገሰ ካለው የኮርኒስ እድፍ ላይ?

እድፉን ላስተዋውቃችሁ። ሐምሌ መግቢያ ላይ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር። ለፍልሰታ አክንባሎ አከለ። ቡናማ ነው፣ ጠርዙ ጠቆር ይላል። ትንሿ ልጄ አንድ ጠዋት ቀና ብላ አየችውና “አባዬ፣ ኢትዮጵያን ይመስላል” አለች። እውነትም በስተቀኝ በኩል ቀንድ አውጥቷል። ሌሊቱን ዶፍ ሲጥል አደረና እድፉ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ትልቁ ልጄ ከአልጋው ሳይወርድ “የባሕር በር አገኘች!” ብሎ ጮኸ።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ያለችው እህቴ ደወለች። ግፊቴን ሰምታ ደንግጣለች። “ለራስህ ጊዜ ስጥ። እኔ እሑድ እሑድ ስልኬን አጠፋና ሙቅ ውኃ ሞልቼ ገንዳ ውስጥ እጋደማለሁ” አለችኝ። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት ጀሪካኑ ሁሉ አፉን ከፍቶ ተሰልፎ እያየ ገንዳ ውስጥ የሚጋደም አባወራ፣ ጠዋት ሽማግሌ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ደግሞስ እኛ ራሱን ለሚያስቀድም ሰው ከልጅነታችን የምናውቀው አንድ ስም ነው፦ ራስ ወዳድ። በዚህ ስም ስንገሠጽ አድገን፣ አሁን ሽበት ሲወጣን ራሳችሁን ውደዱ እንባላለን። እናቴ ስትደክም የምታውቀው እረፍት ቡና ማፍላት ነበር። ያውም ለሰባት ሰው።

ቢሆንም እርምጃውን ጀመርኩ። ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ አዲስ ተሠርቷል። ሰፊ ነው፣ ማታ መብራቱ ሠርግ ቤት ያስመስለዋል። የመጀመሪያውን ቀን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ጡረተኛ አምባሳደር ተንሸራሸርኩ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ “ፒያሳ ድረስ ከሄድክ አይቀር፣ መርካቶ ብቅ በልና የጣሪያ ሚስማር ይዘህ ና” አለች። የእኔ እንክብካቤ እዚያው ላይ አበቃ።

ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቆታል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ነሐሴ ሳያልቅ 100 ብር ተሻግሯል። ባለሱቁ የሚስማሩን ዋጋ ሲነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

“ምነው ወንድሜ?”

“ዶላር ጨመረ እኮ።”

“ይሄ ሚስማርማ አቧራ ለብሷል። ዶላሩ ሳይጨምር የገባ ነው።”

“ታዲያ ሚስማርስ ዜና አይሰማም?” አለኝ፣ እየመዘነ።

ገዛሁ። አሁን የቀረው አናጢው ነው። አናጢያችን መልካም ሰው ነው፤ ችግሩ ስልክ ውስጥ መኖሩ ነው። ቀብድ የተቀበለው ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ ጣሪያው ላይ ወጥቶ “ሚስማሩ ላይ ያለው ጎማ ደርቋል፣ ቆርቆሮውም ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው” ብሎ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ በአካል አላየሁትም። ስደውል “መንገድ ላይ ነኝ ጋሼ” ይለኛል። ከበስተጀርባው የሚሰማው ዶሮ ነው። ከፍልሰታ በኋላ አለ። ፍልሰታ ተፈታ። ብስጭቴ ሲበዛ ደግሞ ተረት መዘዘብኝ፦ “ጋሼ፣ ምንም አያስቡ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት!” እውነቱን ነው፣ ይባላል። ዝናቡ ግን አልሰማም መሰለኝ፣ በማግስቱ ከሰዓት ሁለት ባልዲና አንድ ሽሮ ድስት ሞላ።

ባለቤቴ አዘነችልኝና “በቃ፣ ዛሬ ስለ ቤቱ አናውራ፤ ቡና ላፍላና አረፍ በል” አለች። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ እጣኑ ጨሰ። ጎረቤት መጣ። አቦል ሳይቀዳ ሁሉም ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። አንዱ ካትራሜ ቀቡት አለ። አንዷ ላስቲክ አልብሱት አለች፣ የእህቷ ባል ላስቲክ አልብሶ ሦስት ክረምት እንደዘለለ ከነታሪኩ አወራችን። ቶና ላይ ወሬው ከቆርቆሮ ወደ ማገር ወረደ። በረካ ላይ “እኔን ካላችሁኝ ይሄ ቤት ከመሠረቱ ነው መነሳት ያለበት” የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ተቃውሞም አልነበረም። ስኒው ሲታጠብ ቤታችን ፈርሶ ነበር። ግፊቴን ያን ማታ አልተለካሁም።

ጳጉሜ ገባች። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ናት፣ በዚያ ላይ የወጪ ሁሉ ሰልፍ እሷ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል፣ እሑድ ዋለ። እህቴ ገንዳዋ ውስጥ ናት ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና ለቀቀው። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ጭቃው ላይ ይዘላሉ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና እናቶች ጣሳና ሳፋ ደጅ አወጡ። የጎረቤታችን እማማ ደጃፋቸው ጠባብ ስለሆነ የእኛን በር አንኳኩ።

“ልጄ፣ እናንተ ቤት ውስጥ ድረስ ይገባ የለ? ለሊጤ ትንሽ ጠብ ታደርግልኛለህ?”

ሳሎን ገብተው ባልዲውን አዩ፣ አማተቡ፣ በጣሳቸው ቀዱ። “የታደላችሁ!” ብለውኝ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ ባለቤቴ ሳፋ ትጠብቃለች። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። የኮርኒሱ ኢትዮጵያ መሀል ላይ ተሸንቁራ ቀጥ ያለ ውኃ ታወርዳለች። ባልዲውን በእግሬ ገፋ አደረግኩት። ሸሚዜን አወለቅኩና ሥሯ ቆምኩ። መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ትከሻዬ ላለፉት ሁለት ወራት ምን ያህል ተጨብጦ እንደነበር የታወቀኝ ሲለቀቅ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በሩ ተንኳኳና ዓይኔን ስገልጥ አናጢው ነው። መዶሻውን በወገቡ ሸጦ፣ መሰላሉን ተሸክሞ፣ ውኃ ያንጠባጥባል። ኮርኒሱን አየ። እኔን አየ። ባልዲውን አየ።

“ጋሼ፣” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ልውጣና ልድፈነው፣ ወይስ ይጨርሱ?”