ማስተካከያ፦ መርከቧ ሐይቅ እስጢፋኖስ አልደረሰችም

ሰሞኑን በደሴ ልጆች መካከል የሚዞር ጽሑፍ አለ። የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት ከመርከብ ወርዶ ባሕር ዳርቻ የመያዝ ልምምድ ያደረጉት ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ነው ይላል። ልክ አይደለም። የባሕር ኃይሉ ዋና ጣቢያ ምጽዋ ነበር። ልምምዱ የሚደረግባት ታንክ ተሸካሚ መርከብ ከቀይ ባሕር ተነስታ በምን ዳገት ወሎ ትግባ?

ጽሑፉ «ታንኮቹ እየዋኙ ይወጡ ነበር» የሚለውም ይታረም። ቲ-55 ታንክ አይንሳፈፍም። የሚንሳፈፈው ቢቲአር-60 ብረት ለበስ ነው። ታንክ የሚወርደው መርከቧ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ ካስደገፈች በኋላ፣ የፊት በሯ ተከፍቶ ነው። ወደ ዳር ስትጠጋ ከኋላ መልሕቅ ትጥላለች። ሥራዋን ስትጨርስ የመልሕቁን ገመድ እየጠቀለለች ራሷን ወደ ኋላ ትጎትታለች። ይህችን ዘዴ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳትም፤ ዋናው ጥበብ ግን እሷ ነች።

የሠፈራችን አንድ ጋሼ ስለ ልምምዱ ሲያወሩ እጃቸው ሳያውቁት ከራስ በላይ ይነሳል። ጠመንጃው ጨው ውኃ እንዳይነካው ነዋ! ጫማው ግን ሞልቶ እንደ ድንጋይ ይከብድ ነበር ይላሉ።

ሌላው፣ አሰብ በአስተዳደር የወሎ ነበረች መባሉ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወስደው መንገድ ሳያምታታ አልቀረም። አሰብ የኤርትራ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረች፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ገዝ ሆነች።